ትራንስፎርመር ፍለጋ ወጥቼ መለኪያ ይዤ ገባሁ

ቅዳሜ ጠዋት ከቁስቋም ወደ ሸጎሌ የሄድኩት ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግልኝ ትራንስፎርመር ልዋስ ነው። በትርፍ ጊዜዬ የምሠራት ማሽን ድስት የምታህል ብረት ናት፣ ጎኗ ላይ ውስጧን የማይባት ትንሽ መስታወት አላት፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ አቶሞችን አጋጭታ እንድታዋህድ ነው ልፋቴ። ፊውዥን ይሉታል። ውስጧ አየር መቅረት ስለሌለበት በፍሪጅ ጠጋኞች ፓምፕ አየሯን እመጥጣለሁ፤ በብየዳው በኩል አየር የሚሾልክበትን ቀዳዳ ስፈልግ ክረምቱ አለቀ። እሱን ደፈንኩ ስል ደግሞ የመብራቱ ችግር መጣ። ግቢያችን ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ነው፤ ጎረቤት ምድጃ በሰካ ቁጥር ማሽኔ ትደክማለች። መብራቱን ስንቴ እንደረገምኩት!

አዲሱ ገበያ ታክሲ ቀየርኩ። ሸጎሌ ስንደርስ ከገበያ የሚመለሱ በጎች ጭቃውን መንገድ ዘግተውታል። እኔ ግን ከደስታዬ የተነሳ አልተበሳጨሁም።

እንደኔው በዚህ ነገር የተለከፈው ጓደኛዬ ነቢዩ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ትራንስፎርመሩን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ድንገት ቆም አለ።

«የማሽንህ መስታወት ወዴት ነው የዞረው?»

«ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ።»

«እ... ማለቴ፣ ጽጌ እዚያ ነው የምትተኛው?»

ባለቤቴ ጽጌ ነፍሰ ጡር ናት።

«ቮልቴጁ ሲጨምር ራጅ ይወጣታል እኮ። ብረቱ ያስቀረዋል፣ መስታወቱን ግን እንጃ። ለክተኸው ታውቃለህ?»

አልለካሁም። ትራንስፎርመሩን ትቼ የነቢዩን የጨረር መለኪያ ተዋስኩ።

በመልሱ ታክሲ መለኪያው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እግሯ የታሰረ በግ የያዙ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር በጌን አይጎዳብኝም?»

«አይጎዳም አባባ፤ የሚቆጥረው ጨረር ከአፈሩም ከሰማዩም የሚመጣ ነው፣ ሁሌም አለ።»

«ታዲያ አንተን ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሚያልብህ?»

ቤት ስገባ ጽጌን ጎረቤት ላክኋት። መለኪያውን ትራሷ ላይ አስቀምጬ ማሽኗን አቅሟ እስከቻለው ለቀቅኳት። የተለመደው ሐምራዊ ብርሃን በመስታወቱ ታየ። መለኪያው ታክሲ ውስጥ እንደነበረው ጠቅ... ጠቅ አለ፤ አልጨመረም። መስታወቱ ፊት ይዤውም ያው ነው። ለካ ደካማው መብራታችን ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ይዞት፣ ራጁ መስታወቱን አልፎ አያውቅም። ትራንስፎርመሩን ይዤ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ማሰቡም ይዘገንነኛል። መሬት ላይ ተቀምጬ ተመስገን እያልኩ አለቀስኩ።

ጽጌ ስትመለስ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች።

ከማብራት በፊት መለካት እንደሚቀድም የተማርኩት በዚህች አጭር መንገድ ነው። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

«በቃ ተነስ፣ ማሽንህ ከዚህ ቤት ትውጣ። አንተ ተሸከማት፤ በሩን እኔ እከፍትልሃለሁ።»