የሶብር አንገት

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ጭኔ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አለ።

«መስታወት ነው ወንድሜ?» አለ ሹፌሩ።

«ግመል ነው።»

«ግመልማ የራሱን ወንበር ይከፍላል!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ግመሉ ፎቶ ነው፤ ሥዕልም ነው። ሥራዬ ይኼው ነው፦ እንስሳና መልክዓ ምድር አነሳለሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ንጣፍ በንጣፍ እየደረብኩ፣ ብርሃኑን እያሞቅሁ፣ ጠርዙን በብሩሽ እያለሰለስኩ የቀለም ቅብ አስመስለዋለሁ። በሸራ ሲታተም ሰው ጠጋ ብሎ በጣቱ ይነካዋል፤ እውነት ቀለም መሆኑን ለማረጋገጥ። ያን ጊዜ ደስ ይለኛል፣ ምን ልደብቅ።

ይህን ግመል ያነሳሁት አምና ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ነው። ሶብር ይባላል። ባለቤቱ ጋሼ ይማም ግማሽ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አብረውኝ ቆሙ። እርስዎንም ላንሳዎት ብላቸው «እኔን ተወኝ፣ እሱን አንሳው» አሉኝ። አንድ ቅጂ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሞላ። በቅርቡ ስደውል ስልኩን ያነሱት ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ጋሼ ይማም አርፈዋል። ዛሬ የዘገየ ቃሌን ለእትዬ ዘይነባ ላደርስ ነው የምወርደው።

1፡30፣ ጣርማ በር

ጉም መንገዱን ውጦታል። መኪና ከሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ሴቶች ቆሎ በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። ጭላዳዎች ገደሉ ጫፍ ላይ ተደርድረው ሣር ይነቅላሉ። ሹፌሩ ውኃ ሲጨምር ወርጄ አንዱን ወንድ አነሳሁት፤ ካሜራውን በቀስታ ወደ ጎን እየሳብኩ፣ ጎፈሩ እንደ ቀለም እንዲፈስ።

ሹፌሩ ከትከሻዬ በላይ አየው። «አንቀጠቀጥከው እኮ! ተበላሸ።»

«ሆን ብዬ ነው።»

«የተበላሸ ፎቶ ይሸጣል እንዴ? ስንቱን ሰረዝኩት እኔ!»

ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ከአርማንያ በኋላ ሹራቤን።

3፡30፣ ሸዋ ሮቢት

ሙቀቱ በሩን ስከፍት ፊቴን ገፋኝ። ባጃጅ፣ ማንጎ በካርቶን፣ ማሾ በማዳበሪያ። ስሙ አሕመድ የተባለ ባጃጅ ነጂ ግመሌን ከኋላ አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ እየደገፈልኝ በአቧራማው መንገድ ወሰደኝ።

እትዬ ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አፍወን ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ በዚህ ሐሩር!» የማሽላ ቂጣና እርጎ አቀረቡ። መጀመሪያ ሐዘን ተቀመጥኩላቸው። ከዚያ ስለ ሶብር ጠየቅሁ።

«እሱም ሄደ። ይማም በሞተ በሦስተኛው ወር። መብል እንቢ አለ።»

የተጠቀለለውን ሥዕል ፈታሁት። ወርቃማ ሰማይ፣ የወንዝ ጭጋግ፣ አንገቱን ወደ ብርሃኑ የቀለሰ ግመል። በሥራዬ እንደዚህ የኮራሁበት የለም።

«ማሻ አላህ!» አሉ። ከዚያ፣ «የማን ግመል ነው?»

«ሶብር ነው እንጂ!»

ጠጋ አሉ። እኔ እንደለመድኩት ሸራውን በጣታቸው ነኩት። ግን ቀለሙን እየፈተሹ አልነበረም፤ አንገቱ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ።

«ሶብር እዚህ ላይ ምልክት አለው። ይማም ነው በጋለ ብረት የተኮሰው። ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ነበር የሚወጣው፤ እጁ ተንቀጠቀጠና አንዱ ጠመመበት። ገበያ በወጣ ቁጥር ‹ይማም፣ ግመልህ ላይ እባብ ወጣበት እንዴ?› ይሉታል። አላህ ይማረውና ይስቅ ነበር። አንዴ ጠፍቶብን አጣዬ ድረስ ሄዶ፣ በዚያች ጠማማ ለይተው መለሱልን። ምልክት የሌለው ግመል ባለቤት የለውም ልጄ።»

አስታወስኩት። ጭቃ መስሎኝ ነበር ያጠፋሁት። አልዋሽም፤ ጭቃ አለመሆኑን ባውቅም አጠፋው ነበር፣ ዓይን ይሰርቃል ብዬ። አፈርኩ።

«የጋሼ ይማም ፎቶ የለም?»

«የመታወቂያው አለ። እጁ ያለው ግን ሶብር አንገት ላይ ነበር።»

ዋናውን ፎቶ ዲስኬ ሲሞላ ሰርዤዋለሁ። የቀረኝ ተስፋ ላፕቶፔ ላይ ያለው የሥራ ፋይል ነው። እሱንም አንዳንዴ ስጨርስ ንጣፎቹን አንድ ላይ አጣብቄ እዘጋዋለሁ፤ ያን ጊዜ የታችኛው አይመለስም። ይህን ነገርኳቸው። «ቢስሚላህ ብለህ ክፈተው» አሉኝ።

ላፕቶፑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈትኩት። ንጣፎቹ አልተጣበቁም!

አንድ በአንድ አነሳሁ። ወርቁ ጠፋ፤ ሰማዩ ነጭ ሆነ። ጭጋጉ ሲሄድ የወንዙ ጠጠር ታየ። የብሩሹን ንጣፍ ሳነሳ የሶብር ጠጉር ሻካራ ሆኖ ወጣ። መጨረሻ ላይ አንገቱን የሸፈንኩበትን አነሳሁ። አንዱ መስመር ቀጥ ብሎ፣ ሌላው እየተንገዳገደ ወረደ።

እትዬ ዘይነባ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ጠማማውን መስመር ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። እኔም አለቀስኩ።

«ሰማዩን መልስለት» አሉኝ በመጨረሻ። «ያምርበታል። ይችን ግን አትንካ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠራነው። ወርቁ በዛ ሲሉኝ ቀነስኩ፤ «ሸኾናውን አጉላው፣ ሲሄድ ይሰማ ነበር» ሲሉኝ አጎላሁ። ድንገት ጥግ ላይ ያለውን ቁጥርጥር አዩ።

«ይኼስ?»

«ፊርማዬ ነው። ሥራው የኔ መሆኑ እንዲታወቅ።»

ከት ብለው ሳቁ። «የይማምን አጥፍተህ የራስህን ተኮስክ በለኛ!»

10 ሰዓት፣ ዳገቱን ስመለስ

ምልክት አልባውን ሸራ ይዤ ነው የምመለሰው። ሚኒባሱ ያቃስታል፤ የይፋት ቆላ ከኋላችን እየደበዘዘ ይቀራል። ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ስንት እንስሳ ላይ ስንት ጠባሳ እንዳጠፋሁ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

ከሳምንት በኋላ

አዲሱን ያለ ፊርማ አሳተምኩ። በሚኒባስ ላክሁት፤ አሕመድ መናኸሪያ ተቀብሎ አደረሰው። አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከጀርባቸው የከብት ድምፅ፣ የሚዘጋ በረት ይሰማል። ሰላምታም አላስቀደሙም።

«ልጄ፣ ሶብር ገብቷል።»