የአርደን ሎክን ብርድ

አርደን ሎክን ሳይጠራ ሰው ቤት ሄዶ አያውቅም፤ እሱም ቤት ሳይጠራ የመጣ የለም። በሰሜን ሚኒሶታ፣ አንድ የእህል ጎተራና ሁለት ቤተ ክርስቲያን ባሏት በዚያች ከተማ ወጉ እንዲያ ነው። መኪናህ በረዶ ውስጥ ቢቀረቀር ጎረቤት ሳትጠራው ደርሶ ይገፋልሃል፤ ከዚያ ጓንቱን አራግፎ «በል ደህና ዋል» ብሎህ ይሄዳል። ግባ ማለትም፣ መግባትም የለም። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። እነሱ ግን ተረቱን ሳይሰሙ ይኖሩበታል። ተረቱን እንደሆነ እኔ አላምነውም። አርደንን ሚስቱ ቨርላ ከሞተች ወዲህ ከውስጥ የበላው ዝምታው ነው።

ዕድሜውን የጨረሰው የመንገድ በረዶ ሲጠርግ ነበር። ልጅ አልወለዱም። የቤቱ ወሬ የቨርላ ነበር፤ እሷ ለሁለቱም ታወራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ስትሞት ቤቱ ጭር አለ። አንዳንድ ሳምንት የገዛ ድምፁን የሚሰማው ሲያስነጥስ ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ልጆች ከነቦት ጫማቸው ቆመዋል። ብሪን የምትባለው ቀጭን ልጅ ሰሌዳ ታቅፋለች፤ ኮልተን የሚባለው ወፍራም ልጅ ደግሞ አፍንጫው ቀልቷል።

«ሚስተር ሎክን፣ ቤትዎ ያፈሳል» አለችው፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«ዝናብ የለ፣ ምኑን ነው የሚያፈሰው?»

«ሙቀት። የሁሉም ሰው ጣሪያ ላይ በረዶ አለ። እርስዎ ጣሪያ ላይ ግን ቀልጧል።»

«ሰማዩን እያሞቁት ነው!» አለ ኮልተን።

አርደን ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን አስደነገጠው።

ነገሩ የመምህራቸው የሚስተር ሃፍነር ሥራ ነው። የስድስተኛ ክፍል ልጆቹን ከከተማው አንድ እውነተኛ ችግር ፈልገው እንዲመረምሩ፣ እንዲፈቱና በመጨረሻ ሕዝብ ፊት ቆመው እንዲያስረዱ አዟቸዋል። በየሐሙሱ መምጣት ጀመሩ። በእንጨት ጫፍ ላይ ሶፍት አንጠልጥለው በየመስኮቱ ይዞራሉ፤ ሶፍቱ ከተወዛወዘ ነፋስ እየገባ ነው ማለት ነው። ስንጥቁን ይደፍናሉ፣ መስኮቱ ላይ ላስቲክ ይወጥራሉ፣ አርደን መሰላሉን ይይዝላቸዋል። ክፍልፋይ ሲባል ሆዱን ያመው የነበረው ኮልተን የመስኮቶቹን ስፋት እያባዛ ላስቲክ ይቆርጥ ጀመር። ተሳስቶ አንዱን ሲያሳጥረው ማንም ሳይቆጣው እንደገና ለካ። አርደን ለነሱ ብሎ ብስኩት መግዛት ለመደ።

«ቤቱ ሙቀት መያዝ ሲችል ምን ታደርጋላችሁ?» አላቸው አንድ ቀን፣ እንደ ዋዛ።

«እንገላገላለና!» አለ ኮልተን፣ አፉን በብስኩት ሞልቶ። «ከዚያ ወደ ሐይቁ ነው። ዓሣዎቹ ለምን እንደሚሞቱ እንመረምራለን።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አርደን ልጆቹ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የኋለኛውን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው። ብርዱ ቤቱን ሞላው። ሊደርሱ ሲሉ ዘግቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ ጠበቃቸው። ልጆቹ ለኩ፤ ቤቱ በረዶ ነው። «ይሄ ቤት ነው ወንፊት?» አለ ኮልተን ተስፋ ቆርጦ። አርደን አዘነለት፤ ግን በሳምንቱም ሐሙስ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ አደረገ።

ያልገባው አንድ ነገር ነበር። ብሪን መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችው ትንሽ ነጭ የሙቀት መለኪያ የሚሠራው ልጆቹ ሲያዩት ብቻ ይመስለው ነበር። መለኪያው ግን ቀንም ሌትም ይመዘግባል።

ብሪን አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ላዩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር አለ፤ ድንገት ገደል ይገባና ይመለሳል።

«ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ሞቃት ነው» አለችው። «የሚቀዘቅዘው እኛ ልንመጣ ስንል ነው።»

«ዳቦ አሮብኝ መስኮት ከፍቼ ነበር።»

«በየሐሙሱ ነው የሚያርርብዎት?»

ልጅን መጠየቅ አስተምረህ መዋሸት አይቻልም። አርደን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኮልተን ማኘኩን አቆመ።

«ካለቀ አትመጡማ» አለ አርደን።

ልጆቹ ተያዩ። ብሪን፣ «ልንጽፈው እንችላለን?» አለችው። አርደን ከተማው ሁሉ ሲስቅበት ታየው። እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ልጅቷ የለፋችበትን ወረቀት እንደያዘች ቆማለች። «እውነቱ እሱ ከሆነ ጻፉት» አላት።

በማቅረቢያው ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። አርደን የመጨረሻው መስመር ላይ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም የምትባለው ብሪን መስመሩን ግድግዳው ላይ አሳየች።

«ጥያቄያችን ‹የሚስተር ሎክን ቤት ለምን ይበርዳል?› የሚል ነበር። ቤቱን አሞቅነው። ከዚያ በኋላ መስኮቱን ይከፍቱ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ እንድንመለስላቸው ብለው። ስለዚህ የጠየቅነው ጥያቄ ልክ አልነበረም።»

«ልኩስ የቱ ነበር?» አለ ሚስተር ሃፍነር።

«ሰው ለምን እሳቸው ጋ አይመጣም የሚለው።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ይህን መጠየቅ የነበረብን እናንተን ነው። ጊዜ አለቀብን።»

የሳቀ የለም። ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። በመጨረሻ ከአርደን ቤት ፊት ለፊት የምትኖረው ሎይስ፣ በየማለዳው ከመንገድ ማዶ እጇን የምታወዛውዝለት ባልቴት፣ ዞር አለች።

«አርደን፣ እኛ እኮ እንዳናስቸግርህ ብለን ነው» አለችው።

አርደን ተነሣ። ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም።

«አስቸግሪኝ፣ ሎይስ» አለ። «እባክሽ፣ አስቸግሪኝ።»