ጥቁሩን ማጣበቂያ ይዤ ወደ ትክል ድንጋይ

ቅዳሜ ጠዋት ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ የተነሳሁት ያበላሸሁትን ለማስተካከል ነው። አራዳ ውስጥ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ፤ አባቴ ሲደክመው የተረከብሁት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ ሾፌሩ አያ ሞላ፣ ከትክል ድንጋይ ጎንደር ለሚነዱት ሚኒባስ የፊት መስታወት ማጣበቂያ ሊገዙ መጡ። የመኪና መስታወት የሚይዘው ጥቁሩ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆነው ነው። እኔ ጋ አልቆ ነበር። ከጎኔ ያለው ሱቅ እንዳለው አውቃለሁ፤ ከባለሱቁ ጋር ግን ተኳርፈናል። ለእሱ ደንበኛ ከምሰድለት ብዬ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሰጠኋቸው። «ያው ነው» አልኋቸው።

ዓርብ ዕለት አንድ መንገደኛ መስታወቱ መላቀቁን ነገረኝ። ጥቁሩን ከዚያው ከተኳረፍሁት ጎረቤቴ ገዝቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ለአባቴ ትክል ድንጋይ እንደምሄድ እንጂ ለምን እንደምሄድ አልነገርሁትም።

መንገዱ ጠጠር ነው። ዳገቱ ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ዓይኔ የፊት መስታወቱ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ፤ ኪሴ ከተትሁት።

ትክል ድንጋይ ገበያው ሞልቷል። ሚኒባሱ ከበግ ተራው ዳር ቆሟል፤ መስታወቱ ወልቆ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። አያ ሞላ አጠገቡ ተቀምጠዋል። የመኪናው ባለቤት አቶ ፈንታሁን ቁልፉን ይዞ ለከበበው ሰው ይናገራል።

«እጃቸው ደክሟል። አበላሸሁት ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ።»

ደንግጬ ወደ አያ ሞላ ጠጋ አልሁ። «ምነው ከእኔ እንደገዙት አይነግሩትም?» አልኋቸው ቀስ ብዬ።

«ዝም በይ፣ ልጄ። ይህ ሁሉ ሰው ጎንደር ሲሄድ የሚገዛው ካንች ነው። የአባትሽ ስም ገበያ ላይ አይነሳም።»

ዝም አልሁ። መጻፉ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ዝም በማለቴ ቀለል ብሎኝ ነበር። አቶ ፈንታሁን ቁልፉን ለአንድ ጎረምሳ ሲዘረጋ ሳይ ግን አላስቻለኝም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው! የማይሆን ማጣበቂያ የሸጥሁላቸው እኔ ነኝ።»

ገበያተኛው ዞሮ አየኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። አቶ ፈንታሁን ቁልፉን ለአያ ሞላ መለሰላቸው።

«ታዲያ ምነው ዋሹኝ?» አላቸው። «ከመስታወቱ ይልቅ እሱ ነው የከፋኝ።»

አያ ሞላ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። እንጀራቸውን ላድን ብዬ በሰው ፊት ውሸታም አሰኘኋቸው።

ሲሊኮኑን በምላጭ ፍቀን አነሳን፤ ጠርዙን አጽድተን ጥቁሩን ቀባን፤ መስታወቱን መለስነው። እስኪደርቅ እዚያው አደርሁ።

እሑድ ስንመለስ ከፊት የሚቀመጥ ተሳፋሪ ጠፋ። እኔ ገባሁ። መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። አያ ሞላም እስከ ጎንደር አንድ ቃል አልተነፈሱም። አራዳ ስወርድ «በደህና ግቢ» አሉኝ፤ ሌላ የለም።

«የለኝም፣ ከጎረቤት ጠይቁ» ማለት ስንት ጣጣ እንደሚያድን የተማርሁት በዚህ ጉዞ ነው። ይህን ለመማር ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አልነበረብኝም።

ቤት ስገባ አባቴ ሰግዶ ሲነሳ አገኘሁት።

«ሞላን አገኘሽው? ሰላም አላለኝም?»

«አላለም» አልሁት፤ ቀጥሎ «ምነው?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ እያወቅሁ።