የዝክሩ ዳጉሳ

ከተማው ገና እንጦጦ ላይ ሳለ፣ ባለቤቴ ከጎጃም ሲመለስ ሁለት ስልቻ ዳጉሳ ጭኖልኝ መጣ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። የእኛ ደጋ ለዳጉሳ ይበርዳል፤ የምናውቀው ገብስ ነው። እኔም እንደ ጤፉ ነጩ የሚበልጥ መስሎኝ ለሴት ልጄ ገንፎ አደረግሁት። ከጥቁሩ ብቅል አብቅዬ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ጠላ እንዲሆን ተስዬ አስቀመጥሁት።

ልጄ ዕድሜዋ ደርሶ አልቆመችም። እኩዮቿ ከደጃፍ ደጃፍ ሲሮጡ እርሷን ባስቀመጥኋት ቦታ አገኛታለሁ። ጸለይሁ እንጂ ለማንም አልተናገርሁም።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን፣ የጎጃም ተወላጅ የሆኑ ባልቴት፣ እሳት ሊጭሩ ገብተው ገንፎውን አዩ።

«ነጩን ነው የምታበያት?»

«ይሻላል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ለዓይን ይሻላል። በአገሬ ነጩ ለእንግዳ ነው፤ ጥቁሩ ለአራስና ለሕፃን። አጥንት የሚያጠነክር እርሱ ነው። ይመራል፤ ሲበቅል ግን ምሬቱ ይቀንሳል።»

«የበቀለስ ነበረኝ፤ ግን የሚካኤል ነው።»

ሳቁ። «እንግዲህ ከሚካኤል ጋር ተነጋገሪ። እኔ በመካከላችሁ አልገባም።»

በማግስቱ የካ ሚካኤል ወርጄ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ።

«አባ፣ የተሳልሁትን ብቅል ለልጄ ባበላ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ልጂቱን ማን ሰጠሽ?»

«እግዚአብሔር፣ በሚካኤል አማላጅነት።»

«እንግዲያ እህሉ ከሚካኤል ቤት አልወጣም። ለዝክሩ ቆሎና ውሃ ይበቃናል።» መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ «ጠላሽን ግን እወደው ነበር» አሉ።

ብቅሉን አመስ አድርጌ ፈጨሁት፤ በወተት አገነፋሁት። መጀመሪያ ተፋችው። ማር ጠብ ባደርግበት በላች። ክረምቱን ሙሉ አላቋረጥሁባትም። ለመስቀል ምሰሶውን ይዛ ቆመች። ባልቴቷ «ዳጉሳው ነው» አሉ። እኔም አልተከራከርሁም፤ ዳጉሳውንም ያበቀለ እግዚአብሔር ነው።

በኅዳር ሚካኤል ጎረቤት ሁሉ ከአባ ጋር ተሰብስቦ ደረቅ ቆሎ ሲቆረጥም፣ ልጄ ቆሎ ያለባትን ትንሽ ሙዳይ አቅፋ ከጭኔ ተነሣች። ማንም ሳይዛት ወደ አባ ተራመደች፤ እግራቸው ሥር ስትደርስ ወደቀች፤ ቆሎው ሁሉ ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ።

«ዝክሩ ደረሰኝ» አሉ አባ፣ ከነጠላቸው ላይ እየለቀሙ።