የበቅሎዋ ቀለብ

በደርግ ዘመን ላሊበላ በሚገኘው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት፣ በበጀት ክፍል እሠራ ነበር። በየዓመቱ የአውራጃውን መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄ እናዘጋጅና አንዳችን ደሴ ድረስ ሄደን ለክፍለ ሀገሩ እናስረዳለን። ሁልጊዜ የሚሄደው አለቃዬ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ታይፈስ ይዞት ተኛና እኔ ተላክሁ።

ከጠየቅናቸው ነገሮች አንዱ የወንዝ ማዶ ቀበሌዎችን ለሚያገለግል ክሊኒክ የበቅሎ ቀለብ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳቱ፣ መኪና የማይደርስባቸውን ቀበሌዎች የሚያዳርሱት በመንግሥት በቅሎ ነው። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ካኪያቸውን ሳይተኩሱ የማይወጡ ኩሩ ሰው ነበሩ። ቢሯችን በመጡ ቁጥር ከአንዱ ጋር ሳይጋጩ አይመለሱም። የምሄድበት ቀን ሲደርስ ግን ረጋ ብለው መጡ።

«ልጄ፣ የሷን ነገር አደራ። ገብሷን እንዳትረሳብኝ።»

«አልረሳም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እስከ ጋሸና በእህል መኪና ላይ ተጭኜ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ ገባሁ። ከዚያ በፊት እንዲያ ያለ ስብሰባ ፊት ቀርቤ አላውቅም፤ ረጅሙን ጠረጴዛ የከበቡትን ሹማምንት ሳይ ወረቀቶቼን ደጋግሜ አገላበጥሁ። ደመወዙ አለፈ፣ የጽሕፈት መሣሪያውም አለፈ። ለናፍጣው እንዲያውም ደህና አድርጌ ተከራከርሁ። ሰብሳቢው «ጥሩ አስረድተሃል» ሲለኝ ልቤ ሞቅ አለ።

የበቅሎዋ ቀለብ ላይ ስንደርስ ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀና፣ «ጓድ፣ በአብዮቱ ዘመን በቅሎ ትቀልባላችሁ?» አለ።

አጠገቡ ያለው ቀበል አድርጎ፣ «የየትኛው ደጃዝማች በቅሎ ናት?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

መልሱን አውቀው ነበር። የተወለድሁት ከዚያው ወንዝ ማዶ ነው፤ ያንን ገደል በእግር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ግን አብሬያቸው ሳቅሁ። ከእነሱ እንደ አንዱ መቆጠር ፈልጌ ይመስለኛል። «እሱ እንኳ ቢቀር ግድ የለም» አልሁ። ሰብሳቢው ሰረዘውና ወደሚቀጥለው አለፍን።

ስመለስ አለቃዬ ከሕመሙ ተነሥቶ ነበር፤ ናፍጣውን በማስፈቀዴ እጄን ጨበጠኝ። ሐምሌ ሲገባ ቀለብ የሌላት በቅሎ ትሸጥ ተባለና በሐራጅ ተሸጠች። ድሬሰሩ መጥተው ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው ገብተው ከፊቴ ተቀመጡ።

«ከላይ ነው የተቆረጠው፣ ጋሼ» አልኳቸው፣ ዓይናቸውን ሳላይ።

«አውቃለሁ። ብቻህን ተልከህ አንተስ ምን ታደርግ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ። በዚያች ሰዓት ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በነሐሴ ታላቅ እህቴ ምጥ እንደጠናባትና ልጁ እንደሞተ ሰማሁ። ወንዙ ጎደል እስኪል ጠብቄ ተሻገርሁ። እህቴ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ድሬሰሩ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጫማቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃሉ።

«መልእክቱ እንደ ደረሰኝ ተነሣሁ» አሉኝ። «እግሬ እንደ ድሮው መሰለህ? ወንዙ ዳር ስደርስ ሞላብኝ። ማዶ ሆኜ የሷን ቤት እያየሁ ዝናብ ሲደበድበኝ አደርሁ። ስሻገር ልጁ አልፎ ነበር። እሷን ግን በመድኃኔዓለም ኃይል አተረፍናት።» እንጨቱን ጣሉና፣ «በቅሎዋ ብትኖር ሳይሞላ እሻገር ነበር» አሉ።

ማንንም ሊወቅሱ አልነበረም፤ የሆነውን መናገራቸው ነው። እኔ ግን ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ። እናቴ በኀዘን የደከምሁ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

በሚቀጥለው ዓመት አለቃዬን ለምኜ ደሴ ሄድሁ። ያው ሰብሳቢ ነበር። ቀለቡ ላይ ስንደርስ አንድ ሰው ገና ፈገግ ሲል ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ወንዙን፣ ገደሉን፣ በቃሬዛ የሚመጡትን በሽተኞች ተናገርሁ። የእህቴን ግን አልተናገርሁም። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰብሳቢው ግራ ገብቶት፣ «ተቀመጥ ጓድ፤ ይፈቀድ» አለ። ቀለቡ ተፈቀደ። በቅሎዋ ግን የለችም፤ አዲስ ለመግዛት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱም እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አልመጣም። ድሬሰሩ በእግራቸው ሲመላለሱ ቆይተው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ወደ ወገል ጤና ከተማ ተዛወሩ። ሲሰናበቱኝ ስለ ተከራከርሁላቸው አመሰገኑኝ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ «መልካም መንገድ፣ ጋሼ» ብቻ አልሁ።

እህቴ ከዚያ በኋላ ሌሎች ልጆች ወልዳለች። ከእነሱ የመጀመሪያዋ ክርስትና ስትነሣ ጠርታኝ አብሬ ሄድሁ፤ ሕፃኗንም ከክርስትና እናቷ ተቀብዬ ታቀፍሁ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤት ስንገባ ለጎረቤቶቿ እያሳየችኝ፣ «ወንድሜ ነው፤ ለሀገራችን ደሴ ድረስ ሄዶ የተሟገተ» ትላቸዋለች።

«ተይ እንጂ፣ እታለም» አልኋት።

ትሕትና መሰላትና ሳቀች። ሕፃኗ ስታለቅስ ተቀበለችኝና እያጠባቻት ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ውጭ ወጥቼ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥሁ፤ ጠላ ሲቀዱልኝ ተቀበልሁ እንጂ አልጠጣሁትም።