ሚስቱን የሚያጎርሰው ወፍ

የኮሮና ወረርሽኝ የገባ ጊዜ ሴት ልጄ ካናዳ ከሄደች ዓመት አልሞላትም ነበር። ሥራዋ ተዘጋና አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቀረች። እኔና እናቷ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ያለችውን ሱቃችንን ከፍተን በፍርግርጉ በኩል ዳቦና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ እንሸጣለን፤ ሁለት ስለሆንን ቀኑ ይመሽልናል። የሚያሳስበን የእሷ ብቸኝነት ነበር።

አንድ ቀን ቪዲዮ ላከችልን። ከመስኮቷ ፊት ለፊት ዛፍ ላይ ቀይ ወፍ ቁጭ ብሏል፤ ፊቱ ጥቁር፣ ራሱ ላይ ቁንጮ ያለው። አጠገቡ ደግሞ አንዲት ቡናማ ወፍ አለች። ደወልኩላት።

«አባዬ፣ በየጠዋቱ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ስልኬ ላይ ስፈልገው ስሙ ካርዲናል ነው ይላል።»

«እዚያ ምንም ይበሉት፣ እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት። እውነትም የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከሱቃችን ወረድ ብሎ፣ ረግረጉ ላይ ባለው ሸምበቆ ውስጥ ፊቱ የጠቆረ ቀይ ወፍ አለ፤ በዚያ ሳልፍ ቆሜ ሳላየው አልሄድም። «ቡናማዋ ሚስቱ ናት። ብርድ ሲመጣ እሱም ቀዩን ልብሱን ያወልቅና ድንቢጥ ይመስላል። ከመንጋው ጋር ይሄዳል፣ ብታዪውም አትለዪውም።»

«እንግዲህ በረዶው ሲመጣ አይኖርም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

ስልኩ ሲዘጋ ሚስቴ ፊቷን አዞረችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ያላትን አንድ ጓደኛ ነጠቅሃት!»

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ቪዲዮ መጣ። ቀዩ የሱፍ ፍሬ ፈልፍሎ ወደ ቡናማዋ ጠጋ አለና አጎረሳት። ሚስቴ በሳቅ ሞተች።

«እየው፣ ጉርሻ ያውቃል! ካንተ ይሻላል።»

እኔ ግን ደጋግሜ አየሁት። የሸምበቆው ወፍ ሚስቶቹ ብዙ ናቸው፤ ጎጆውን ሠርቶ ይዘፍናል እንጂ አንዷንም ሲያጎርስ አይቼ አላውቅም። ወዲያው ደወልኩ።

«ልጄ፣ ተሳስቻለሁ መሰለኝ። ያንቺው ሌላ ወፍ ነው። ጠባዩ ከተለየ ልብሱንም ላያወልቅ ይችላል።»

«ይችላል ነው የምትለኝ?»

«ይችላል ነው። ሳላይ አልምልም።»

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። እሷ የመስኮቷ ደፍ ላይ ሱፍ ታደርጋለች፤ እኔ «ዛሬስ?» እላለሁ፤ «ቀይ ነው» ትለኛለች። ቅጠሉ ረገፈ፣ «ቀይ ነው»። ወሬው ደንበኞቻችን ዘንድ ደርሶ፣ አንዲት ጎረቤታችን ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ በቋንቋቸው አያቴ ለማለት «ምኩሉ!» ትለኝና «ወፍህ እንዴት አደረ?» እያለች በጭንብሏ ውስጥ ትስቅብኛለች።

በረዶው የጣለ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ጭር ሲል ደወለች። ካሜራውን ወደ ውጭ አዞረችው። ሁሉ ነገር ነጭ ሆኗል፤ ያ ወፍ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ቁጭ ብሏል። ቡናማዋም ከሥሩ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አለች።

«አልሄደም አባዬ! አልሄደም!»

እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። እናቷ ስልኩን ቀማችኝና «በይ መስኮቱን ዝጊ፣ ብርድ ይመታሻል» አለቻት። አልሰማቻትም፤ እጇን ወደ ውጭ አውጥታ ሱፍ ትጨምርላቸው ነበር።