ሚስ ቬስናን ያስታረቅናት ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ዋና ላስመዘግባት ካሮልተን ወዳለ መዋኛ ወሰድኳት። የመስታወቱን በር ስገፋው የክሎሪን ሽታ ከሙቀቱ ጋር ተደባልቆ ፊቴን መታኝ። ልጄ "ማሚ፣ ለምን ቆምሽ?" እያለች እጄን ትጎትታለች። ምን ልበላት? ከኋላችን የመጡት ሰዎች በግራና በቀኜ እያለፉ ሲገቡ፣ እኔ በሩን እንደያዝኩ ሚስ ቬስናን እያሰብኩ ነበር።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ዩለስ፣ ዳላስ ኤርፖርት አጠገብ ባለ አፓርትመንት ነበር። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፤ አባቴ ስልክ እያወራ ከሆነ ድምፁ እስኪያልፍ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሚስ ቬስና ከኛ በታች ያለው ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። ከእናቴ ጋር በአንድ ሺፍት አውሮፕላን ያጸዳሉ። ከሥራ ሲመለሱ እናቴ አልጋ ላይ ትወድቃለች፤ እሷ ግን የግቢውን ገንዳ ትገባበታለች። ትከሻዋ ከአባቴ ትከሻ ይሰፋል፤ እናቴ ይህን አባቴ ባለበት መናገር ደስ ይላታል። ከብዙ እጥበት የነጣ ሰማያዊ የዋና ልብስና ጆሮዋን የሚሸፍን የላስቲክ ቆብ ነበራት፤ ሲጋራና ላይተሯ ገንዳው ጠርዝ ላይ ይጠብቋታል። እኛ ልጆች ስንገባ ግማሹ ውሃ ይወጣል። እሷ ስትሄድና ስትመለስ ግን ድምፅ እንኳ አይሰማም።

እናቴ፣ ሰው ውሃ የሚያስፈልገው ለመጠጥ፣ ለገላና ለጥምቀት ነው ባይ ናት። ሚስ ቬስና ግን አንድ ቀን እጆቼን ዘርግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻቸውና "ይህችን ልጅ ስጪኝ" አለቻት። ከዚያ በኋላ በጋውን ሙሉ ገንዳ ውስጥ ዋልኩ። ሲጋራዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ የሌላውን ጣቶች አፏ ውስጥ ከትታ ታፏጫለች፤ ክርኔ ዝቅ ካለ አንድ ፉጨት ነው፤ አንገቴን ካነሣሁ ሁለት። ከሁሉ የምትወደው የቅብብል ዋናን፣ አራት ሆነው በየተራ የሚዋኙትን፣ ማስተማር ነበር። ጠርዙ ላይ ታቆመኝና "የምትመጣውን ልጅ እጅ ብቻ ተመልከቺ" ትለኛለች፤ "እጇ ግድግዳውን ሳይነካ እግርሽ ከተነሣ አራታችሁም ትሰረዛላችሁ።"

በወጣትነቷ ለአገሯ ለዩጎዝላቪያ ትወዳደር ነበር። ይህን እንደነገረችኝ ትምህርት ቤት ሄጄ ካርታው ላይ ፈለግኩት፤ የለም። አስተማሪዬን ብጠይቃት "አሁን እንደዚያ የሚባል አገር የለም" አለችኝ። ለአባቴ ስነግረው ቱግ አለ። "ማነው የለም ያለው? አዲስ አበባ ትርፍ አንጀቴን ያወጣልኝ ሐኪም ዩጎዝላቭ ነበር!" ብሎ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳየኝ። ጠባሳው አለ፤ አገሩ የለም። በመጨረሻ ራሷን ስጠይቃት "ነበረ" አለችኝ። አገር እንደ ሱቅ ይዘጋል እንዴ? ሌሊት አውሮፕላኖቹን እያዳመጥኩ፣ እውነቴን ነው፣ በጣም እፈራ ነበር።

አንድ ቀን ሚስ ቬስና ዓይኗ አብጦ ቤታችን መጣች። በቅብብል አብረዋት ይዋኙ ከነበሩት ልጆች አንዷ፣ ሚራ የምትባለው፣ ደውላ ነበር። አራቱም ልጆች ከተለያየ ከተማ የመጡ ነበሩ፤ አንድ ክፍል ውስጥ እያደሩ፣ ጎህ ሲቀድ አብረው በቀዝቃዛ ውሃ እየተለማመዱ አደጉ። ጦርነቱ ሲመጣ አራቱ ከተሞች በአራት አገር ተከፋፈሉ፤ ሚራና ቬስናም በሁለት ጎራ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ተደዋውለው አያውቁም። አሁን ሚራ በዳላስ በኩል ስታልፍ ቀጣዩን አውሮፕላን እስክትይዝ ግማሽ ቀን ትቆያለች፤ ላግኝሽ ብላለች።

"አልሄድም" አለች ሚስ ቬስና። "ምን ብዬ ነው የማያት?"

እናቴ ነገሩን በሚገባት መንገድ ነው የተረዳችው፤ ሁለት ሴቶች ተጣልተዋል፣ ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። ማንንም ሳታማክር ጋሽ ደምሴን ጠራች። ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት አርሊንግተን ውስጥ የለም ይባልላቸዋል። የሚራን ቁጥር ከሚስ ቬስና ስልክ ላይ ወስዳ ቀጠሮ ያዘች፤ በቀጠሮው ቀን አባቴ ሚራን ከኤርፖርት አመጣት፤ እናቴ ደግሞ ሚስ ቬስናን "ለምሳ" ብላ አታላ አስገባቻት። ሚራ ቀጭን፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። በዓይን ተያዩ፤ አልተሳሳሙም። ሁለቱም ሶፋው ላይ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። እኔ መሬት ላይ ሆኜ ሳምቡሳ እየበላሁ አያቸዋለሁ።

ጋሽ ደምሴ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጸሎት አድርሰው፣ በእንግሊዝኛቸው ጀመሩ። "ሌዲስ፣ በኛ ባህል ሰው ተጣልቶ አይቀርም። ሶ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ ምን በደለችሽ?"

ሚስ ቬስና እናቴን በቁጣ አየቻት። ከዚያ "ምንም" አለች።

"አንቺስ? እሷ ምን አደረገችሽ?"

"ምንም" አለች ሚራም።

ጋሽ ደምሴ ወደ አባቴ ዞሩና በአማርኛ "እንዴ! ያልተበዳደለ ሰው እንዴት አድርጌ ላስታርቅ?" አሉት። አባቴ ትከሻውን ሰበቀ። አውሮፕላን አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሚራ ሰዓቷን አየች። እናቴ መሐረቧን ትጠመዝዛለች፤ ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ሊለያዩ እንደሆነ ለኔም ገብቶኝ ነበር።

"አስቡ እስቲ" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ሊለምኑ ምንም አልቀራቸውም። "ትንሽም ብትሆን። ፕሊስ።"

ሚራ ፈገግ አለች። "አንድ ነገር አለ" አለች። "የመጨረሻው ውድድራችን። በዋናው ተራ እሷ ሦስተኛ ነበረች፣ እኔ አራተኛ። እጇ ግድግዳውን ሳይነካ ዘለልኩ ተባለ። ሜዳሊያው በእጃችን ገብቶ ነበር፤ አራታችንም ተሰረዝን።"

"ይኸው!" ጋሽ ደምሴ ጭናቸውን መቱ። ደስታቸውን ብታዩ! "ጥፋት ተገኘ! ዘልለሻል?"

"ዘልያለሁ።"

"እንግዲያው ተነሥተሽ ይቅርታ ጠይቂያት።"

ሁለቱም ሳቁ። ሚራ እየሳቀች ተነሣች፣ እየሳቀች ሚስ ቬስና ፊት ቆመች፣ በእንግሊዝኛ "ስለዘለልኩብሽ ይቅርታ" አለቻት። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ነገር ጀመረችና ሳትጨርሰው ቀረች። ሚስ ቬስናም ተነሣች። የሚራን ፊት በእነዚያ ትልልቅ እጆቿ ይዛ፣ ሁላችንም በሚገባን እንግሊዝኛ "አልዘለልሽም። እኔ ነኝ የዘገየሁት" አለቻት።

"አንቺ አልዘገየሽም።"

"ዘገየሁ። መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም።"

ጋሽ ደምሴ ግራ ገባቸው። አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ያያሉ። "እንግዲህ ሁለቱም አጥፍተዋል ልበል?" ብለው አባቴን በሹክሹክታ ጠየቁት። እናቴ ታለቅሳለች፤ ሴቶቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ እኔም የምን ልቅሶ እንደሆነ ሳይገባኝ ሳምቡሳዬን ይዤ አለቀስኩ። ለአንድ ሜዳሊያ ይህን ያህል ይለቀሳል? የዘገየችውስ የት ነው? በኋላ ደጋግሜ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ ስታፏጭልኝ ግን ክርኔን ከማንሣት ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ከሚራ ጋር ተደዋውለው እንደሆነም አላውቅም። በሁለተኛው ዓመት ሚስ ቬስና ቺካጎ ወዳለችው ልጇ ሄደች፤ ስትሞትም የሰማነው ቆይተን ነው። ጎበዝ ዋናተኛ አልሆንኩላትም።

የተወችልኝ ነገር ቢኖር ሌላ ነው። ያኔ ዳይፐር ላይ የነበረው ወንድሜ ሳሚ አሁን አዲሰን ይኖራል፤ ለኔ ቅርብ ነው። በአገር ቤቱ ጦርነት ጊዜ እሱ በአንዱ፣ እኔ በሌላው ወገን ቆመን፣ በፋሲካ ማዕድ ላይ የማይባለውን ተባብለን ተለያየን። ዓመታት አለፉ። በዚህ ክረምት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ሲጠራ ስሙን አይቼ አነሣሁት።

"አንቺ" አለኝ። "ማለቴ... ያ ኩለርሽ እኮ እኔ ጋ ነው። ሶሪ፣ ሳልመልስልሽ ቆየሁ።"

ስለ ኩለር ማን ጠየቀህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለሽርሽር መጠጥ በበረዶ የምንይዝበት ሳጥን ነው፤ መኖሩንም ረስቼው ነበር። ግን የሚራ ዝላይ ትዝ አለኝ።

"አዎ፣ ተናድጄብህ ነበር" አልኩት። "ይቅር ብዬሃለሁ።"

"እሺ፣ አመጣልሻለሁ" አለኝ። ስልኩን ግን አልዘጋም።